በሕፃንነት ዓይን ሲጋረድ የጋባ ተቀባዮች ይቀንሳሉ ወይስ ይጨምራሉ? ጽሑፎቹ እርስ በርስ ተጋጩብኝ

ቀንዲል ጻፈች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የኒውሮሳይንስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ በቅርቡ ሴሚናር አቀርባለሁ። ርዕሴ ገና በሕፃንነት ዓይን ሲጋረድ በእይታ ኮርቴክስ (ከዓይን የሚመጣውን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ያሉ ገቺ ተቀባዮች፣ በተለይ የጋባ ተቀባዮች፣ ምን ይሆናሉ የሚል ነው። ጋባ የነርቭ ሴሎችን ሥራ የሚገታ የአንጎል ኬሚካል ነው፣ ተቀባዩ ደግሞ ሴሉ ላይ ሆኖ የሚይዘው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መነሻውን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። በ1963 ቶርስተን ዊዝል እና ዴቪድ ሂዩብል ሃርቫርድ ውስጥ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ቆቡን ሰፍተው ዘጉት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሲከፍቱት ዓይኑ ራሱ ምንም አልሆነም፣ ሬቲናው ደህና ነው። ኮርቴክሱ ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን ከዚያ ዓይን ለሚመጣ ነገር መልስ መስጠት ትተዋል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ክፍቱ ዓይን ዞረዋል። አዋቂ ድመት ላይ ይህንኑ ቢያደርጉ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም። ለዚህና ለተያያዥ ሥራቸው በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። እስከዚህ ድረስ አልቸገረኝም።

የቸገረኝ ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ጽሑፍ እይታ ሲነፈግ የመግታት ኃይል ይቀንሳል ይላል። ሌላው ይጨምራል ይላል። ሦስተኛው ጋባ ከሌለ ጭራሽ ለውጡ አይመጣም ይላል። ስላይዴ ላይ ቀስቱን ወደ ላይ ላድርገው ወይስ ወደ ታች? የምታውቁ እርዱኝ።

አዲስ_ገቢ ጻፈ፦

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፣ ግን ርዕሱ ሳበኝ። ጋባ የአንጎል ፍሬን ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲያ ከሆነ መቀነሱ ጥሩ አይደለም እንዴ? ፍሬኑ ሲላላ ደካማው ዓይን ይነሳል ማለት አይደለም?

ማይክሮን ጻፈ፦

ቀንዲል፣ ያነበብሻቸው ሁሉም ልክ ናቸው። አንድ ቀስት ብቻ አታድርጊ። ካደረግሽ ከአድማጮችሽ አንዱ ተነስቶ ያፋጥጥሻል፣ እውነቱንም ነው።

እያንዳንዱን ጽሑፍ ስታነቢ አስቀድመሽ ጠይቂ። እንስሳው ስንት ቀኑ ነው? የተዘጋው አንድ ዓይን ነው፣ ሁለቱም ናቸው፣ ወይስ እንስሳው ከነጭራሹ በጨለማ ነው ያደገው? የተለካው ጋባው ነው፣ ጋባን የሚሠራው ኤንዛይም ነው፣ ተቀባዩ ነው ወይስ ከሴል ወደ ሴል የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምልክት? ከኮርቴክሱ ስድስት ንብርብሮችስ የትኛው ላይ? ግጭት የሚመስለው ነገር ዘጠኝ እጁ እዚህ ላይ ይፈታል።

«ይቀንሳል» የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የሄንድሪን እና የጆንስን የ1986 ሥራ ነው። ጦጣዎች ላይ የአንዱን ዓይን ሥራ አስቆሙና ኮርቴክሱን ጋባ ያለበትን በሚያሳይ ማቅለሚያ አዩት። እባክሽ ሥዕሉን ፈልገሽ በደንብ እዪው። በአራተኛው ንብርብር ላይ ከኮርቴክሱ የላይ ገጽ ጋር ትይዩ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ነው። ጠቆር ያለ ሰንበር፣ ፈዘዝ ያለ ሰንበር፣ እንደገና ጠቆር፣ እንደገና ፈዘዝ እያለ ይሄዳል፣ የአንዱ ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፈዛዛዎቹ የተዘጋው ዓይን ድርሻ ናቸው። ሴሎቹ አልሞቱም፣ ጋባቸው ነው የወረደው። በ1990 ደግሞ ሄንድሪ ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ተቀባዩን ራሱን አየ፣ ዋናው የጋባ ተቀባይ ዓይነት፣ ጋባ-ኤ የሚባለውም፣ በዚያው በተዘጋው ዓይን ሰንበር ቀንሶ ተገኘ። ግን ልብ በዪ፣ አዋቂ ጦጣዎች ናቸው። ያንቺ ርዕስ ሕፃንነት ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ መጥቀስ በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ እኔን በግሌ ያናድደኛል።

«ይጨምራል» የሚለው ከአሪያና ማፌይ እና ከጂና ቱሪጂያኖ ቡድን የመጣ ነው፣ 2006። አይጦች ናቸው፣ ዓይኑ የተዘጋው በወሳኙ ጊዜ ውስጥ ነው (ኮርቴክሱ ዓይን ሲዘጋ በቀላሉ የሚለወጥበት የልጅነት ዘመን ማለት ነው)፣ የተለካው አራተኛው ንብርብር ውስጥ ፈጣኖቹ ገቺ ሴሎች በጎረቤቶቻቸው ላይ ያላቸው ጉልበት ነው። ጠነከረ። ይህ ማለት የተዘጋው ዓይን መልእክት ከመዳከሙም በላይ በላዩ ላይ ገቺ ኃይል ይጫነዋል። አሁን የሚገርመውን ስሚ፦ ያው ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2004፣ ያንኑ ንብርብር ከወሳኙ ጊዜ በፊት፣ የአይጦቹ ዓይን ሊገለጥ በሚልበት ሰሞን ሲለካው ተቃራኒውን ነው ያገኘው። ያኔ እይታ ሲነፈጉ የመግታት ኃይሉ ወረደ፣ ሴሎቹም የጎደለባቸውን ለማካካስ ይበልጥ ንቁ ሆኑ። አንድ ቤተ ሙከራ፣ አንድ ንብርብር፣ የዕድሜ ልዩነቱ የሳምንት ያህል ነው። ውጤቱ ግን ተገለበጠ።

ጨለማው ሌላ ነው። በ2002 የአልፍሬዶ ኪርክዉድ ቡድን በጨለማ ያደጉ አይጦችን ሲያይ የመግታት ኃይላቸው በዕድሜያቸው መድረስ ካለበት አልደረሰም። ይህ «ቀነሰ» አይባልም። ሳያድግ ቀረ ነው የሚባለው። በጨለማ ያደገ እንስሳ ወሳኙ ጊዜም ይዘገይበታል፣ ሌሎች በጊዜው ያለፉበትን ዕድሜ እሱ ገና አልጨረሰም።

ስለዚህ ስላይድሽ ላይ ሠንጠረዥ ሥሪ። ዕድሜ በአንድ በኩል፣ የአጋረድ ዓይነት በሌላ በኩል።

ቀንዲል ጻፈች፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የ2004ቱንና የ2006ቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም ነበር። አሁን ቢያንስ የት እንደምቆም አወቅሁ። የአዲስ ገቢን ጥያቄም ብትመልሰው ለእኔም ይጠቅመኛል፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ጽሑፍ እዚያ ላይ ነው።

ማይክሮን ጻፈ፦

አዲስ ገቢ፣ ፍሬን የሚለው ለመጀመሪያ ቀን ትምህርት ይሆናል፣ እዚህ ግን ያሳስታል። ፍሬን ቢሆን ኖሮ ጋባ የቀነሰበት አንጎል በቀላሉ በተለወጠ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው።

በ1998 ታካኦ ሄንሽ እና ባልደረቦቹ ጋድ-65 የሚባለው ጋባ ሠሪ ኤንዛይም የሌላቸውን አይጦች ወሰዱ። እነዚህ አይጦች ጋባ አላቸው፣ ጋድ-67 የሚባል ሌላ ኤንዛይም ስላለ፣ ግን ሴሎቹ ሲነቁ የሚለቁት መጠን አነስተኛ ነው። በወሳኙ ጊዜ አንድ ዓይናቸውን ዘጉባቸው። ምንም! ሴሎቹ ወደ ክፍቱ ዓይን አልዞሩም። ገቺው ኃይል ስለደከመ አንጎሉ ለመለወጥ እንኳ አልቻለም። ከዚያ ዳያዞፓም ጨመሩላቸው፣ ያው በየፋርማሲው ቫሊየም የሚባለው፣ የጋባ-ኤ ተቀባይን ሥራ የሚያጎላው መድኃኒት። ለውጡ መጣ። በ2000 ደግሞ ሚኬላ ፋጆሊኒ እና ሄንሽ ይህንኑ መድኃኒት ለጤነኛ ግን ገና ላልደረሱ አይጦች ሰጡ፣ ወሳኙ ጊዜ ከተፈጥሮ ቀኑ ቀድሞ ተከፈተ።

ስለዚህ ወሳኙን ጊዜ የሚከፍተው የመግታት ኃይል የተወሰነ መጠን ላይ መድረሱ ነው። ሳይደርስ አይከፈትም። ይህን ነው ብዙ ሰው አገላብጦ የሚይዘው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው በ2013 ታሮ ቶዮይዙሚ እና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ ያሳምነኛል። ገና ባልደረሰ ኮርቴክስ ውስጥ ሴሎቹ ያለ ምንም እይታ በራሳቸው ይተኩሳሉ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካሉ፣ ከዓይን የሚመጣው መልእክት በዚያ ጫጫታ ይዋጣል። ገቺው ኃይል ሲያድግ ጫጫታውን ከእይታው ይበልጥ ያዳክመዋል። ያኔ ነው ኮርቴክሱ የትኛው ዓይን በደንብ እያየ፣ የትኛው እያላየ እንደሆነ መለየት የሚጀምረው። ከለየ በኋላ ለጠንካራው ያደላል።

ወለላ ጻፈች፦

እንዲህ ከሆነ ዳያዞፓም ለልጅ ቢሰጥ ጊዜውን ሊከፍትለት ነው? ወይስ በእርግዝና የወሰደች እናት ልጅ ዓይኑ ሊጎዳ ነው? ይቅርታ፣ ስላስፈራኝ ነው።

ማይክሮን ጻፈ፦

አትፍሪ እህቴ፣ ደግሞም ለዚህ ብሎ ማንም ለልጅ እንዳይሰጥ። የልጅ ወሳኝ ጊዜ ራሱ ተከፍቷል፣ የሚያስከፍተው መድኃኒት አያስፈልገውም። የ2000ው ሥራ ደግሞ ሌላም ያሳያል፦ እነዚያ ጋድ-65 የሌላቸው አይጦች ገና በልጅነታቸው በመድኃኒት የመግታት ኃይላቸው ከተጠናከረ፣ ሲያድጉ እንደማንኛውም አዋቂ አይጥ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ቢዘጋም አይለወጡም። ወሳኙ ጊዜ በሕይወት አንድ ጊዜ ነው የሚነሳው የሚል ነው ድምዳሜያቸው። የእርግዝናውን ጉዳይ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ከአይጥ ሙከራ መልሱ አይገኝም።

የማርኮን አባት ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሳይንሱን እየተከታተልኩ ነው፣ ግማሹ ባይገባኝም። ልጄ ማርኮን አራት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ግራ ዓይኑ ላይ የሞራ ግርዶሽ ነበረው፣ እኛ ዘግይተን ነው ያወቅነው፣ በአምስተኛ ወሩ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት። አሁን መነጽር አለው፣ ደህናውን ዓይን በየቀኑ ሸፍኑለት ተብለናል። ፕላስተሩን ስለጥፍለት ላቡ ከቅንድቡ ይወርድና ጠርዙ ይነሳል፣ እሱም በጥፍሩ ይቧጥጠውና ያነሳዋል፣ ከዚያ ከሶፋው ሥር ተጣብቆ አገኘዋለሁ። እናቱ ደከማት። እኔም ደከመኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የእሱ ወሳኝ ጊዜ ተዘግቷል ወይ? ሌላው፣ ውጭ የሚኖር ዘመዳችን የድብርት መድኃኒት ዓይንን ያነቃል የሚል ነገር አንብቦ ልላክላችሁ ብሎናል። እውነት ነው?

ኦፕቶ_ጎንደር ጻፈች፦

የማርኮን አባት፣ ጎንደር የተማርኩ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ በሥራዬ እንደ እናንተ ያሉ ወላጆችን በየጊዜው አገኛለሁ። አይዟችሁ።

የመጀመሪያውን ልመልስ። በአራት ዓመት አልተዘጋም። ከባድ ነው፣ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው። አንድ ዓይን ላይ ብቻ የተወለደ የሞራ ግርዶሽ ከሁሉም የሰነፍ ዓይን (አንጎል በልጅነት ስላልተጠቀመበት እይታው የደከመ ዓይን) ዓይነቶች አስቸጋሪው ነው፣ ለዚህም ነው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ገደማ ይነሳ የሚባለው። ሁለቱም ዓይን ላይ ከሆነ እስከ 8 ሳምንት ገደማ ይታገሳል። ማይክሮን የነገራችሁን እዚህ ላይ አስቡት፦ አንድ ዓይን ብቻ ሲጋረድ ሁለቱ ዓይኖች ለአንድ ኮርቴክስ ይፎካከራሉ፣ የተጋረደው ይሸነፋል። ሁለቱም ሲጋረዱ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ፉክክሩ ግን ሚዛኑን አይስትም። እናንተ በአምስተኛ ወሩ አደረጋችሁ። ካልተደረገለት በእጅጉ ይሻላል፣ የቀረውን ደግሞ መሸፈኑ ይሠራዋል።

መሸፈኑን በተመለከተ ኢንተርኔት ላይ «2 ሰዓት ይበቃል» የሚል ታገኛላችሁ። ጥናቱ እውነተኛ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ2003 ታትሟል፣ ከ7 ዓመት በታች ያሉና መካከለኛ ሰነፍ ዓይን ያላቸው ልጆች በቀን 2 ሰዓት ቢሸፈኑም 6 ሰዓት ቢሸፈኑም ያገኙት መሻሻል ተመሳሳይ ሆኗል። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ዓይናቸው የሸወረረ ወይም የሁለቱ ዓይን መነጽር ቁጥር የተለያየ ናቸው እንጂ ሞራ የነበረባቸው አይደሉም። ስለዚህ ሐኪማችሁ ያዘዘውን ሰዓት በራሳችሁ እንዳትቀንሱ። እንዳትጨምሩም፣ ደህናው ዓይን ከመጠን በላይ ሲሸፈን እሱ ራሱ ሊዳከም ይችላል፣ አይቻለሁ።

ለላቡ፦ ቆዳውን በደንብ አድርቁት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ጠዋት አድርጉለት፣ በሚወደው ነገር ላይ እያለ ይሁን። ካርቱን፣ ኳስ፣ ሥዕል መቀባት፣ የፈለገው ይሁን፣ ዋናው በዚያ ዓይን ትኩር ብሎ ማየቱ ነው። ተኝቶ የሚሸፈነው ሰዓት አይቆጠርም። ከዚያ የማይረሳው መነጽሩ ነው። የተፈጥሮ ሌንሱ ወጥቶ ከሆነ ያለ መነጽር ወይም ኮንታክት ሌንስ ምስሉ ብዥታ ነው፣ ብዥታ እያየ መሸፈን ድካም ብቻ ነው። ቁጥሩ በየጊዜው ይታይለት፣ የዓይን ግፊቱም ይለካ። በሕፃንነት ሞራ የወጣለት ልጅ ከዓመታት በኋላም ግላኮማ ሊመጣበት ስለሚችል ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው።

የመድኃኒቱን ማይክሮን ይመልስላችሁ። የእኔ ቃል አንድ ነው፣ እንዳትቀበሉት።

ማይክሮን ጻፈ፦

በጭራሽ እንዳትቀበሉት። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዘመዳችሁ ያነበበው ነገር መሠረት አለው፣ ግን ጫፉን ብቻ ነው ያነበበው።

በ2008 ጣሊያን፣ ፒዛ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፍሉኦክሰቲን፣ ማለትም ፕሮዛክ፣ ለአዋቂ አይጦች ሰጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው የተዘጋባቸው አይጦች እይታቸው ተመለሰ። በኮርቴክሱ ውስጥ የመግታት ኃይሉ ቀንሶ ነበር። ይህ መቀነስ ምክንያቱ መሆኑን ለማጣራት ኮርቴክሱ ውስጥ ዳያዞፓም ጨመሩ፣ የመድኃኒቱ ጥቅም ጠፋ። ቀንዲል፣ ይህን ከ1998ቱ ጋር አስተያዪው። ያው ዳያዞፓም ሕፃኑ ላይ ለውጡን ያስጀምራል፣ አዋቂው ላይ ለውጡን ይከለክላል። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፣ ሴሚናርሽን በዚህ ብትገነቢው እመክርሻለሁ።

ወደ ሰው ስንመጣ በ2018 ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች ሰነፍ ዓይን ያላቸው አዋቂዎች ላይ ሞከሩት። ለአንዱ ወገን ፍሉኦክሰቲን፣ ለሌላው ባዶ እንክብል ሰጥተው ሁለቱንም የዓይን ልምምድ አሠሯቸው። ፍሉኦክሰቲኑ ከባዶው እንክብል የተሻለ ጥቅም አላመጣም። አዋቂ ላይ ያልሠራን መድኃኒት ለአራት ዓመት ልጅ፣ ያውም ወሳኙ ጊዜ ገና ላልተዘጋበት ልጅ መስጠት ምንም ምክንያት የለውም። ማርኮን የሚያስፈልገው ነገር ፕላስተሩ ነው።

የማርኮን አባት ጻፈ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘመዴን አይሆንም እለዋለሁ። ቁጥሩ ከታየ ቆይቷል፣ እናሳየዋለን።

ቀንዲል ጻፈች፦

ማይክሮን፣ አንድ ነገር ቀረኝ። አማካሪዬ «ተቀባዩ ብዛቱ ብቻ አይደለም፣ ከምን እንደተሠራም እዪ» አለኝ። አልፋ-1፣ አልፋ-2፣ አልፋ-3 የሚለውን ማለቱ ነው። እይታ መነፈግ እዚያ ላይ ምን ያደርጋል?

ማይክሮን ጻፈ፦

አማካሪሽ ጎበዝ ነው። ለሌሎቹ ስል ከሥሩ ልጀምር።

የጋባ-ኤ ተቀባይ አምስት የፕሮቲን ቁራጮች ክብ ሠርተው የሚቆሙበት፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ነገር ነው። ጋባ ሲይዘው ቀዳዳው ይከፈትና ክሎራይድ ይገባል፣ ሴሉም ዝም ይላል። በብዛት የሚገኘው ቅንብር ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ፣ አንድ ጋማ ነው። አልፋው ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። በጨቅላ ኮርቴክስ አልፋ-2 እና አልፋ-3 ይበዛሉ፣ እነዚህ ምልክቱን ረዘም አድርገው ነው የሚይዙት። ዕድሜ ሲገፋ አልፋ-1 ይጨምራል፣ ምልክቱ አጭርና ፈጣን ይሆናል። ስለዚህ ተቀባዩ በቁጥር ባይለወጥ እንኳ ሥራው ተለውጧል። የካናዳው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የካትሪን መርፊ ቡድን ከሞቱ ሰዎች በተገኘ የእይታ ኮርቴክስ ላይ ይህን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ተከታትሎታል፣ ለውጡ ከሕፃንነት አልፎ እስከ ጉርምስና ድረስ እንደሚዘልቅ ነው ያሳዩት። ሰው ላይ ነገሩ ረጅም ነው ማለት ነው።

አሁን ዋናው። በ2004 ፋጆሊኒ እና ሄንሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ለእኔ የዚህ ዘርፍ ምርጡ ሙከራ ነው። ዳያዞፓም አልፋው ላይ የሚይዝበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ፣ ሂስቲዲን፣ በአርጂኒን ስትተካ ጋባ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ዳያዞፓም ግን ያንን ተቀባይ ሊያጎላው አይችልም። አልፋ-1 ብቻ የተለወጠበት አይጥ፣ አልፋ-2 ብቻ የተለወጠበት አይጥ፣ እንዲህ እያሉ አዘጋጁና ዳያዞፓም ወሳኙን ጊዜ አስቀድሞ የሚከፍትላቸው የትኞቹ እንደሆኑ አዩ። አልፋ-1 የተለወጠበት ላይ አልከፈተም። አልፋ-2 የተለወጠበት ላይ ከፈተ። አልፋ-2 የሴሎቹን የመተኮስ መጠን ነው የሚነካው፣ ወሳኙን ጊዜ የሚያዘው ግን አልፋ-1 ያለበት መሥመር ነው። ያ መሥመር ደግሞ ፓርቫልቡሚን የሚባል ፕሮቲን የያዙት ፈጣን ገቺ ሴሎች ከጎረቤት ሴል አካል ላይ የሚያርፉበት ነው። ማፌይ በ2006 የለካችውም የፈጣን ገቺ ሴሎችን ነው፣ ልብ አልሽ?

እነዚሁ ሴሎች ዓይን ሲዘጋ ፈጥነው ይሰማቸዋል። በ2013 ሳንድራ ኩልማን እና ባልደረቦቿ በሕይወት ያሉ አይጦች ላይ ሲከታተሉ፣ አንድ ዓይን በተዘጋ በአንድ ቀን ውስጥ የፓርቫልቡሚን ሴሎቹ መተኮስ ቀንሶ ነበር። ይህ አጭር መላላት ነው ለቀጣዩ መለወጥ በር የሚከፍተው። አዋቂዎቹ ላይ ይህ አልታየም። ስለዚህ ሠንጠረዥሽ ላይ ከዕድሜና ከአጋረድ ዓይነት ሌላ «ዓይኑ ከተዘጋ ስንት ጊዜ ሆነው» የሚል ዓምድ ጨምሪ። በመጀመሪያው ቀን መላላት ነው፣ ሲቆይ ሌላ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ጊዜ ካለሽ። ገና በጣም ጨቅላ ሳሉ ሴሎቹ ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ ጋባ ይቀሰቅሳል እንጂ አይገታም። በ2015 የወጣ የአይጥ ጥናት ያንን ቀስቃሽ ዘመን ቡሜታናይድ በሚባል መድኃኒት ለጥቂት ቀን ሲያውኩት ወሳኙ ጊዜ በኋላ ረዝሞ እንደተገኘ አሳይቷል።

ሸዋፈራሁ_ሲያትል ጻፈ፦

እኔ 34 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ አንድ ዓይኔ ይሸወራል፣ በዚያ ዓይን አላነብም። ልጅ ሳለሁ «አልፎበታል» ተብሎ ቀረ። አሁን ይህን ሳነብ የእኔ ዓይን መልእክት እዚያ አለ ግን ታፍኗል ነው የምትሉት ወይስ ጭራሽ ጠፍቷል?

ማይክሮን ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትልቅ ነው። ሁለቱም አለ ነው መልሱ፣ መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል።

«ታፍኗል» የሚለውን የሚደግፈው የቆየ ሙከራ አለ። በ1976 ፍራንክ ደፊ እና ባልደረቦቹ አንድ ዓይናቸው ከልጅነት የተዘጋ ድመቶችን በአዋቂነታቸው ወስደው ባይኩኩሊን ሰጧቸው፣ የጋባ-ኤ ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ለዚያ ዓይን ዝም ብለው የነበሩ ሴሎች ከፊሎቹ መልስ መስጠት ጀመሩ። ለዓመታት የሞተ የመሰለ መሥመር መድኃኒቱ እስከሠራ ድረስ ነቃ። ሁሉም ሴሎች ግን አልነቁም፣ ስለዚህ የጠፋም አለ። የሸወረሩ ድመቶች ላይ ፍራንክ ዘንግፒል እና ባልደረቦቹ በ2006 ተመሳሳይ መድኃኒት ሲሞክሩ አንዱ ዓይን ሌላውን የሚያፍንበት ኃይል ቀንሷል። ባይኩኩሊን ለሰው የሚሰጥ አይደለም፣ የሚጥል በሽታ ያመጣል፣ ለዕውቀት ብቻ ነው የነገርኩህ።

ሰው ላይ ደግሞ በ2015 ክላውዲያ ሉንጊ እና ባልደረቦቿ ጤነኛ አዋቂዎችን አንድ ዓይናቸውን ለ150 ደቂቃ ሸፍነው በኤምአርአይ ማሽን ጋባቸውን ለኩ። በእይታ ኮርቴክስ ውስጥ ጋባ ቀነሰ፣ መሸፈኛው ሲነሳም ተሸፍኖ የነበረው ዓይን ለጊዜው ይበልጥ ጎልቶ ተገኘ። የአዋቂ ኮርቴክስ ደንጊያ አይደለም ማለት ነው። ያ ግን ሕክምና አይደለም፣ ለጊዜው ነው።

ኦፕቶ_ጎንደር ጻፈች፦

ሸዋፈራሁ፣ በ2005 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉትን አይቶ ነበር። ከ7 እስከ 12 ካሉት ውስጥ መነጽር ከመሸፈኛና ከአትሮፒን (የደህናውን ዓይን እይታ ለጊዜው ከሚያደበዝዘው) ጠብታ ጋር የተሰጣቸው 53 በመቶው ተሻሽለዋል፣ መነጽር ብቻ የተሰጣቸው 25 በመቶ። ስለዚህ ድሮ «ከሰባት ዓመት በኋላ አይነካም» ይባል የነበረው ልክ አይደለም። 34 ላይ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም፣ ግን እዚያ ሲያትል የሸወረረ ዓይን የሚያክም ስፔሻሊስት ታየው። ቢያንስ መነጽርህ ትክክል ይሁን፣ መንዳትና ሥራህም በደህናው ዓይን ላይ ስለቆመ ያንን ዓይን በመከላከያ መነጽር ጠብቀው። የሸወረረ ዓይንን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምናም በአዋቂነት ይደረጋል፣ እይታውን ባይጨምር አቀማመጡን ያስተካክላል።

የማርኮን አባት ጻፈ፦

ይቅርታ እንደገና መጣሁ። ሴት ልጅ ተወልዳልናለች፣ ሦስት ሳምንቷ ነው። ዓይኗ ደህና ይመስላል። ማርኮን የነበረው ችግር ስለነበረ ትታይ ወይስ እስክታድግ እንጠብቅ? ዘመዶች ሕፃን ገና ስለማታይ ምን ያደርግላታል ይላሉ።

ኦፕቶ_ጎንደር ጻፈች፦

እንኳን ማርያም ማረቻት ለእናቷ! አትጠብቁ። በአንድ ዓይን ብቻ የሚመጣው ሞራ አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይደለም፣ ቢሆንም በሦስት ሳምንት ማሳየት ነው የሚገባው፣ አሁን ቢገኝ ጊዜ አለ። የዓይን ሐኪም ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ በመሣሪያ ብርሃን ያበራና ከብሌኗ የሚመለሰውን ቀይ ነጸብራቅ በሁለቱም ዓይን ያያል፣ ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ከሌላው ፈዘዝ ካለ ጠብታ አድርገው ውስጡን ያያሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ በፍላሽ ፎቶ አንሷት። አንዱ ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ከወጣ ያንኑ ቀን ውሰዷት፣ ምክንያቱም ነጭ ብሌን ሞራ ብቻ ሳይሆን የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ፎቶው ደህና ቢሆንም ምርመራውን አይተካም። የማርኮንን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፣ የእሱንም መነጽር በዚያው ቀን አስለኩት።